ህመሙ ለቀቀኝ፣ የሐሞት ጠጠሩን ልተወው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 43 ነው፤ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። እንጀራ እየጋገርኩ ለሱቆች አስረክባለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሆዴን ባመመኝ ቁጥር «ጨጓራ ነው» እየተባልኩ ኦሜፕራዞል ስወስድ ነበር። በፋሲካ ማግስት ሌሊት ግን ከጎድኔ ሥር ጨምድዶ ይዞኝ እስኪነጋ ስንፈራገጥ አደርኩ። አልትራሳውንድ ስነሳ ሐሞት ከረጢቴ ውስጥ ጠጠሮች እንዳሉ፣ ትልቁም 14 ሚሊሜትር እንደሆነ ተነገረኝ። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ያስፈልግሻል አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተመልሶብኝ ነበር፤ አሁን ግን ደህና ነኝ። ጎረቤቴ የወይራ ዘይት በሎሚ ከጠጣሽ ጠጠሩ በሰገራ ይወጣል ትላለች። ባለቤቴ የሚያሟሟ ኪኒን ካለ ለምን ትቀደጃለሽ ይለኛል። ቤሩት ያለችው እህቴ ደግሞ ጠጠሩን ብቻ ያውጡልሽ፣ ከረጢቱን አታስነኪ ትላለች። እኔ ቢላ እፈራለሁ። ህመሙ ከለቀቀኝ ልተወው? ሐሞት ከረጢት ሳይኖርስ ሰው እንዴት ይኖራል? ጾሙንስ ምን ላድርግ?

ከቱሉ ዲምቱ

መልስ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርዎት። ዋናውን ጥያቄዎን አስቀድሜ ልመልስ። አይተዉት። ዛሬውኑ ሮጠው ሆስፒታል ይግቡ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ቀዶ ጥገና የሚያስቀጥሩት እንዲህ ደህና በሆኑበት ሰሞን ነው። ህመሙ ለቀቀ እንጂ ጠጠሩ የትም አልሄደም። አንዴ መያዝ የጀመረ ጠጠር ብዙውን ጊዜ ይመላለሳል። እርስዎንም በአጭር ጊዜ ውስጥ ሦስቴ ይዞዎታል።

እኔ ቀዶ ጥገናውን ያን ያህል አልፈራልዎትም። የምፈራው «አሁን ደህና ነኝ» እያሉ ወር በወር ላይ ሲጨምሩ ቆይተው አንድ ሌሊት በትኩሳት እየተንቀጠቀጡ ድንገተኛ ክፍል እንዳይገቡ ነው። ከረጢቱ ሳይቆጣ የሚሠራ ቀዶ ጥገና ቀለል ይላል። አብጦ፣ ተቆጥቶ፣ ከአካባቢው ጋር ተጣብቆ ሳለ ሲሠራ ግን ለሐኪሙም ይከብዳል፣ ለታማሚውም አደጋው ይጨምራል። ቀኑን እርስዎ የሚመርጡበት ጊዜ አሁን ነው።

ሆድዎ ውስጥ የሆነውን ልንገርዎት። ሐሞትን የሚሠራው ጉበት ነው። በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ያህል ያመርታል። ሐሞት ከረጢት የሚባለው ከጉበት ሥር በቀኝ በኩል ያለ ትንሽ ከረጢት ነው። ሐሞት አይሠራም። የሚያደርገው ማጠራቀምና ውሃውን መጥጦ ማወፈር ብቻ ነው። የሚይዘውም ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ቅባት ያለው ምግብ ሲበሉ ከአንጀት የሚወጣ ሆርሞን ከረጢቱን ያዘዋል። እሱም ተጨምቆ ሐሞቱን ወደ አንጀት ያፈሳል። ሐሞቱ ቅባቱን ለመፍጨት ያግዛል።

ውስጡ ጠጠር ካለ ግን ከረጢቱ ሲጨመቅ ጠጠሩ መውጫው ላይ ሄዶ እንደ ቡሽ ይወተፋል። ከረጢቱ መጨመቁን አያቆምም፤ መውጫው ግን ተዘግቷል። ያ እስኪነጋ ያንፈራገጠዎት ህመም ይኸው ነው። ጠጠሩ ተንሸራቶ ወደ ውስጥ ሲመለስ ህመሙ ይለቃል። ሰውየውም በማግስቱ ምንም እንዳልነበረበት ተነስቶ ሥራውን ይሠራል። በፋሲካ ማግስት መጀመሩም አይገርምም። 55 ቀን ከሥጋና ከቅቤ ርቀው ቆይተው በአንድ ቀን ዶሮ ወጡ፣ ቅቤው፣ ጥብሱ ሲመጣ ከረጢቱ በኃይል ይጨመቃል።

ጠጠሩ ከየት መጣ ካሉ፣ ከራሱ ከሐሞቱ ነው። ብዙውን ጊዜ ሐሞት ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ሲበዛ ወይም ከረጢቱ በደንብ ሳይጨመቅ ሲቀር እየረጋ፣ እየጠጠረ ይሄዳል። ከምስር ውስጥ ያመለጠ ጠጠር ወይም አፈር ያለበት ጤፍ አያመጣውም። እንዲህ ብሎ የሚያስብ ሰው ስላለ ነው የማነሳው። ሴቶችን ከወንዶች ይበልጥ ይይዛል። ዕድሜ ከ40 ሲያልፍ፣ ብዙ ጊዜ ሲወለድ፣ ክብደት ሲጨምር ወይም በጣም በፍጥነት ሲቀንስ፣ ስኳር በሽታ ሲኖር፣ በቤተሰብ ውስጥ ታሪኩ ሲኖር ዕድሉ ይጨምራል። ኢስትሮጅን የሚባል ሆርሞን ያለበት የወሊድ መከላከያ ኪኒንም ጥቂት ይጨምረዋል። እርስዎ ያጠፉት ነገር የለም።

አሁን ስለዚያ ሁለት ዓመት ጨጓራ ላውራ። ይህን ጉዳይ ሳላብራራ ማለፍ አልፈልግም፤ ብዙ አንባቢ ቤቱ ተቀምጦ እንደ እርስዎ ኦሜፕራዞል እየዋጠ ነውና። እኛ ዘንድ ከእንብርት በላይ ያለ ህመም ሁሉ ስሙ ጨጓራ ነው። የሐሞት ህመምም ብዙ ጊዜ የሚሰማው መሐል ላይ፣ ልክ ጨጓራ ያለበት ቦታ ስለሆነ ስህተቱ ቀላል ነው። ልብ ብለው ካዩት ግን ጠባያቸው ይለያያል።

የጨጓራ ህመም ያቃጥላል፣ ይሞረሙራል። ሆድ ባዶ ሲሆን ወይም ሚጥሚጣ ሲበላ ይነሳል፣ የጨጓራ መድኃኒት ሲወሰድ ጋብ ይላል። ቀኑን ሙሉ መለስ ቀለስ ሊል ይችላል። የሐሞቱ ግን በድንገት ይነሳና እየበረታ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ጸንቶ ይይዛል። ከግማሽ ሰዓት እስከ ብዙ ሰዓት ይቆያል። ከቀኝ ጎድን ሥር ወይም ከደረት አጥንት ጫፍ በታች ይጀምርና ወደ ጀርባ፣ ወደ ቀኝ ትከሻ ይሄዳል። ያስመልሳል፤ ማስመለሱ ግን አያሳርፍም። በጎን ቢተኙ፣ ቢቀመጡ፣ ቢንበረከኩ ለውጥ የለውም። ብዙውን ጊዜ ከከባድ እራት በኋላ ሌሊት ይመጣል። ከዚያ ለሳምንታት ወይም ለወራት ይጠፋል።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በአፍ የሚገባው ኢንዶስኮፒ የጨጓራን ውስጥ ነው የሚያየው። ሐሞት ከረጢት ውስጥ ያለ ጠጠር በእሱ አይታይም። ጠጠሩን ጥርት አድርጎ የሚያሳየው አልትራሳውንድ ነው። ጨረር የለውም፣ አያምም። ከ6 እስከ 8 ሰዓት ሳይበሉ ቢነሱት ከረጢቱ ሞልቶ ስለሚቆይ ይበልጥ ይታያል። ውዱ ሲቲ ስካን እንኳ አንዳንድ ጠጠሮችን ይስታል። ስለዚህ የጨጓራ መድኃኒት ለወራት ወስዶ ህመሙ እንዲህ እየያዘ የሚለቅ ሰው ካለ፣ ሐኪሙን «ሐሞቴም ይታይልኝ» ብሎ ይጠይቅ።

ለእርስዎ ግን አንድ ነገር አስቀድሜ ላስጠንቅቅዎት። ጨጓራና የሐሞት ጠጠር አንድ ሰው ላይ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያ ጨምድዶ የሚይዘው ህመም ይተውዎታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ማቃጠልና መነፋት ግን ከጨጓራ የመጣ ከሆነ ሊቀር ይችላል። ያኔ «ለምን ተቀደድኩ» ብለው እንዳያዝኑ አሁኑኑ ይወቁት።

ጠጠር ያለበት ሰው ሁሉ ይቀደድ አይባልም። ለሌላ ምርመራ አልትራሳውንድ ሲነሱ ድንገት ጠጠር የሚገኝባቸው ሰዎች አሉ። አሟቸው አያውቅም። ከእነዚህ አብዛኞቹ፣ ከ5ቱ 4 ያህሉ ማለት ነው፣ ሳያማቸው ይኖራሉ። እነሱን ሐኪሙ ለየት ያለ ምክንያት ካላየ በስተቀር ዝም ብሎ መተው ነው የሚሻለው። እርስዎ ከእነሱ ውስጥ አይደሉም። ጠጠርዎ መያዝ ጀምሯል።

ወደ ጎረቤትዎ ልምጣ። ክፉ አስባ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ዘይትና ሎሚ ጠጥተው «ወጣልኝ» የሚሉ ሰዎችም አይዋሹም። በእርግጥም በማግስቱ አረንጓዴ ድቡልቡል ነገር በሰገራ ይወጣል። ግን ያ ነገር ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2005 ኒውዚላንድ ውስጥ አንዲት የ40 ዓመት ሴት እንዲህ አድርጋ የወጣላትን ይዛ ሐኪም ቤት ሄደች። ላቦራቶሪ ሲመረመር ኮሌስትሮል የለበትም፣ ካልሲየምም የለበትም። ሲሞቅ ቀልጦ ዘይት ሆነ። የጠጣችው ዘይት አንጀቷ ውስጥ ከሎሚው ጋር ሆኖ የሠራው ሳሙና መሳይ ድቡልቡል ነበር። ዘይቱን የጠጣ ጤነኛ ሰውም እንዲሁ ሊወጣለት ይችላል።

በልኬትም እንየው። የእርስዎ ትልቁ ጠጠር 14 ሚሊሜትር ነው። ሐሞት ወደ አንጀት የሚወርድበት ዋናው ቱቦ በጤነኛ ሰው 6 ሚሊሜትር ያህል ነው ስፋቱ። ከከረጢቱ ወደዚያ የሚያገናኘው ቱቦ ደግሞ ከዚያም ይጠባል። ታዲያ 14 ሚሊሜትሩ በየት በኩል ይወጣል? ከዚያም በላይ፣ አንድ ብርጭቆ ዘይት በባዶ ሆድ መጠጣት ከረጢቱን በኃይል ከሚያስጨምቁ ነገሮች ዋናው ነው። ሌሊቱን ያሰቃየዎትን ነገር በገዛ እጅ መጥራት ይሆናል። ትንንሾቹ ጠጠሮች ተገፍተው ቱቦው ውስጥ ቢገቡ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሐሞቱ መውረጃ አጥቶ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ወይም ቆሽት ይቆጣል። የቆሽት መቆጣት ሰው ይገድላል። እባክዎ አይጠጡት። ጎረቤትዎንም እንዳትጠጣው ይንገሩልኝ።

የአፕል ኮምጣጤውም፣ ጥቁር አዝሙዱም ቢሆን ጠጠር አያሟሙም። «ብዙ ውሃ ጠጪ፣ ይወርዳል» የሚልዎት ሰው ካለ ደግሞ ከኩላሊት ጠጠር ጋር አምታቶት ነው። የሐሞት ጠጠር ከሽንት መንገድ ጋር አይገናኝም።

ባለቤትዎ ስለ ኪኒን የሰሙት እውነት አለው። ኡርሶዲኦክሲኮሊክ አሲድ የሚባል ጠጠር የሚያሟሟ መድኃኒት አለ። ግን የሚሠራው ለትንንሽ፣ ከኮሌስትሮል ለተሠሩና ካልሲየም ላልያዛቸው ጠጠሮች ነው። ከረጢቱም በደንብ የሚጨመቅ መሆን አለበት። ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት በየቀኑ ይወሰዳል። ሟሙቶ ካለቀ በኋላም ከሰዎቹ ግማሽ ያህሉ ላይ በ5 ዓመት ውስጥ ጠጠሩ ተመልሶ ይሠራል። 14 ሚሊሜትር ለዚህ መድኃኒት ትልቅ ነው። ብዙ ብር አውጥተው፣ ዓመት ሙሉ ሲጠብቁ መሐል ላይ ሊይዝዎት ይችላል። መድኃኒቱ የሚጠቅመው በልብ ወይም በሳንባ ችግር የተነሳ ማደንዘዣ ለማይችል ሰው ነው። ባለቤትዎን ቀጠሮው ቀን ይዘዋቸው ይሂዱ። ከሐኪሙ አፍ ሲሰሙት ይቀላቸዋል።

የእህትዎ ሐሳብ ከውጭ ሲታይ ደህና ይመስላል። ጠጠሩ ብቻ ይውጣ፣ አካሌ አይጉደል ማለት ማንም የሚያስበው ነው። ችግሩ ጠጠሩን የሠራው ራሱ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ሁኔታ ነው። ከረጢቱ ከቀረ ጠጠሩ ተመልሶ ይሠራል፣ እርስዎም ተመልሰው ይታመማሉ። ለዚህ ነው ከረጢቱ ከነጠጠሩ የሚወጣው። ይህ ቀዶ ጥገና ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1882 በርሊን ውስጥ ነው። ካርል ላንገንቡክ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነው የሠራው። ከዚያ ወዲህ ከ140 ዓመት በላይ ሰው ያለ ሐሞት ከረጢት ሲኖር ታይቷል።

እንዴት ይኖራል ብለዋል። ሐሞት መሥራቱን ጉበት አያቆምም። የሚቀረው ማጠራቀሚያው ነው። ሐሞቱ ሳይጠራቀም ቀስ እያለ በቀጥታ ወደ አንጀት ይወርዳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንዳንድ ሰው ሰገራው ይቀጥናል፣ ቅባት ሲበዛ ሆዱን ይረብሸዋል። አብዛኛው ሰው ላይ ይህ እየተሻለ ይሄዳል። ጥቂቶች ላይ ይቆያል፤ ለሱም መድኃኒት አለው። እንጀራዎን፣ ወጥዎን ይበላሉ። በዓል ሲመጣም ከዶሮው ይቀምሳሉ፤ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ትንሽ እያሉ።

ቢላ እፈራለሁ ያሉት ላይ ቆም ልበል። ፍርሃትዎ ይገባኛል። ሦስት ልጅ እያሳደጉ፣ በእጅ ሥራ እየኖሩ «ብተኛ ማን ይጋግራል፣ ብሞትስ» ማለት ተፈጥሯዊ ነው። የሚፈሩትን ነገር በደንብ ማወቁ ግን ያግዛል።

ቀዶ ጥገናው በሁለት መንገድ ይሠራል። አንዱ በካሜራ የሚሠራው ላፓራስኮፒ ነው። ሆድ ላይ ብዙውን ጊዜ 4 ትንንሽ ቀዳዳ ይከፈታል፤ እያንዳንዱ ከግማሽ እስከ አንድ ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ቦታ እንዲያገኙ ሆድ በጋዝ ይነፋል፣ ካሜራ ይገባል፣ ሐኪሙ ስክሪን እያየ ከረጢቱን ለይቶ በአንዱ ቀዳዳ ያወጣዋል። በሙሉ ማደንዘዣ ስለሚሠራ አይሰማዎትም። ችግር ካልገጠመ አብዛኛው ሰው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ቤቱ ይገባል። ከዚያ በኋላ ትከሻዎን ቢያምዎት አይደንግጡ። ሆድ ውስጥ የቀረው ጋዝ ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ይተዋል። ይህን ባለማወቃቸው ልባቸውን ያመማቸው መስሏቸው የሚጨነቁ አሉ።

ሌላው ክፍት ቀዶ ጥገና ነው። ከቀኝ ጎድን ሥር ረዘም ተደርጎ ተቀድዶ ይከፈታል። ጥቂት ቀን ሆስፒታል ያስተኛል፣ ለማገገምም ሳምንታት ይፈልጋል። መሣሪያው በሌለበት፣ ከረጢቱ በጣም በተቆጣበት ወይም ቀድሞ በተደረገ ቀዶ ጥገና ሆድ ውስጥ በተጣበቀበት ጊዜ ይመረጣል። በካሜራ ተጀምሮ መሐል ላይ ወደ ክፍት የሚለወጥበት ጊዜም አለ። ያ ሲሆን ሐኪሙ ተሳሳተ ማለት አይደለም። በግልጽ ሳያይ ከመቁረጥ ከፍቶ ማየትን መረጠ ማለት ነው። እኔ እንዲህ ያለውን ሐኪም ይበልጥ አምነዋለሁ።

አደጋውንም አልደብቅዎትም። መድማት፣ ቁስሉ መመርቀዝ፣ የማደንዘዣ ችግር ሊኖር ይችላል። ከሁሉ የሚፈራው ዋናው የሐሞት ቱቦ በስህተት መጎዳቱ ነው። በካሜራ በሚሠራው ከ1,000 ሰው ከ3 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ ይደርሳል። ጥቂት ነው፤ ሲደርስ ግን ከባድ ነው። ስለዚህ ሰርጅኑን «ይህን ቀዶ ጥገና አዘውትረው ይሠራሉ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ጥሩ ሐኪም አይቆጣም።

ከቀዶ ጥገናው በፊት የደም ምርመራ ይታዘዝልዎታል። ከሚታዩት አንዱ የጉበት ምርመራ ነው። ጠጠር ከከረጢቱ ወጥቶ ዋናው ቱቦ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ይጠቁማል። ገብቶ ከተገኘ ኢአርሲፒ በሚባል መንገድ፣ በአፍ በሚገባ ካሜራ ይወጣል። ይህ ሕክምና በሁሉም ሆስፒታል አይገኝም፤ አስፈላጊ ከሆነ ሪፈር ይጻፍልዎታል። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት ችግር ካለ፣ የወር አበባ ቀርቶ ከሆነም ሳይደብቁ ይንገሯቸው።

አሁን 4ኛ ፎቅ ስለመኖርዎ። ደረጃ መውጣት አይከለከልም፤ ቀስ ብለው፣ እያረፉ ይወጣሉ። መንቀሳቀሱ እንዲያውም ደም እግር ላይ እንዳይረጋ ይረዳል። የሚከለከለው ጀሪካን ነው። ውሃ ሲጠፋ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዞ ፎቅ መውጣት 20 ኪሎ መሸከም ነው። ከ4 እስከ 6 ሳምንት አይነኩትም። የሊጥ ባልዲ ማንሳትም እንደዚያው ነው። ቁስሉ ሳይጠና ከበድ ያለ ነገር ካነሱ ቡአ ሊወጣ ይችላል፤ ቡአው ደግሞ ሌላ ቀዶ ጥገና ይጠይቃል።

በካሜራ ከተሠራልዎ ቀላል ቀላሉን ሥራ ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ይጀምሩታል። ክፍት ከሆነ ከአንድ ወር እስከ ወር ተኩል ያስቡ። ስለዚህ ለሱቆቹ ከአሁኑ ይንገሯቸው። ሊጡን የሚያቦካ፣ ምጣዱ ላይ የሚቆም ሰው ከዘመድ ወይም ከጎረቤት ያዘጋጁ። ያቺ ዘይት የመከረችዎ ጎረቤትዎ እንደምትወድዎት ግልጽ ነው። ልጆቹን ለጥቂት ቀን እንድታይልዎት ይጠይቋት። ደንበኛ እንዳይሄድብኝ ብለው በሳምንቱ ምጣድ ላይ እንዳይቆሙ ግን አደራ።

ቀጠሮው እስኪደርስ ከሚከተሉት አንዱን ካዩ አይጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ህመሙ ከ5 ከ6 ሰዓት በላይ ሳይለቅ ሲቆይ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሲመጣ፣ የዓይንዎ ነጩ ወይም ቆዳዎ ቢጫ ሲሆን፣ ሽንትዎ እንደ ሻይ ጠቁሮ ሰገራዎ ሲነጣ፣ ህመሙ መሐል ላይ ሆኖ ወደ ጀርባ እየሰረሰረ ማስመለሱ አልቆም ሲል። ህመም፣ ትኩሳትና ቢጫነት ሦስቱ አንድ ላይ ከመጡ የሐሞት ቱቦው ተዘግቶ መርቅዟል ማለት ሊሆን ይችላል። ይህ በሰዓታት ውስጥ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ስለ ቢጫነቱ ደግሜ ላስጠንቅቅዎት። ሰፈር ውስጥ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሲታይ «የወፍ በሽታ ነው፣ ሐኪም አያውቀውም» ይባልና ወደ ባህል መድኃኒት ይወሰዳል። ጠጠር እንዳለበት የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን ምክር አይስማ። በጠጠር የተዘጋ ቱቦ የሚከፈተው ሆስፒታል ውስጥ ነው። የባህል መድኃኒቱ ራሱ ጉበት ሊጎዳ ይችላል፤ የባከነው ቀን ደግሞ አይመለስም። ለባለቤትዎና ለትልቁ ልጅዎ ይህን አሁኑኑ ይንገሯቸው፤ እርስዎ በታመሙ ሰዓት የሚወስኑት እነሱ ናቸውና።

እስከዚያው ምግብዎን ያቅልሉ። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይብሉ። ክትፎ፣ ቅቤ የበዛበት ወጥ፣ ጮማ፣ ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ ይቆዩ። የጾም ምግብ ሁሉ ቀላል ነው ብለው አይሳሳቱ፤ ዘይት የሚንሳፈፍበት ሽሮም ያው ቅባት ነው። ቅባት ግን ጨርሶ ይቅር ማለቴ አይደለም። ክብደት ልቀንስ ብለው በአንዴ ምግብ ማቆምም ጠጠር ያባብሳል። ምግብ ማስተካከል መያዙን ይቀንስልዎ ይሆናል፤ ጠጠሩን ግን አያጠፋም።

ጾሙን በተመለከተ፣ ከሥጋና ከቅቤ መከልከሉ አይጎዳዎትም። የሚያሳስበው እስከ 9 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ባዶ ሆድ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ብዙ መብላቱ ነው። ሳይበሉ ሲቆዩ ሐሞቱ ከረጢቱ ውስጥ እንደረጋ ይቆያል። የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ቸርነት አላት። ጸበል የሚሄዱም ከሆነ ይሂዱ፤ ቀጠሮውን ግን አያስተላልፉበት።

ህመም ሲነሳ እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች ይሠራሉ። ነገር ግን ጨጓራን ይጎዳሉ። ስለዚህ የትኛውን፣ ስንት ጊዜ እንደሚወስዱ ሐኪምዎ ይጻፍልዎ እንጂ ከፋርማሲ ዝም ብለው አይግዙ።

ስለ አካሄዱ ልጨምር። የጤና መድን አባል ከሆኑ መታወቂያው መታደሱን ያረጋግጡና ከወረዳዎ ጤና ጣቢያ ይጀምሩ። ከዚያ ሪፈር ይጻፍልዎታል። ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዱ መድኑ ላይሸፍንልዎ ይችላል። በክፍለ ከተማዎ ያለው የመንግሥት ሆስፒታል ጥሩነሽ ቤጂንግ ነው፤ ወዴት እንደሚልኩዎ ጤና ጣቢያው ይነግርዎታል። በመንግሥት ሆስፒታል ወረፋው ሊረዝም ስለሚችል ቶሎ መመዝገቡ ይጠቅማል። ይህም «አሁን ደህና ነኝ» ብለው እንዳይቆዩ የምለምንበት አንዱ ምክንያት ነው። ወደ ግል የሚሄዱ ከሆነ የማደንዘዣውን፣ የአልጋውን፣ የመድኃኒቱንና የወጣው ከረጢት ላቦራቶሪ የሚታይበትን የፓቶሎጂ ምርመራ ጨምሮ ጠቅላላ ዋጋውን አስቀድመው ይጠይቁ። ቀዶ ጥገናው ብቻ ተነግሯቸው በኋላ ሌላው ሲደመር የሚደነግጡ ብዙ ናቸው።

የአልትራሳውንዱን ወረቀት አይጣሉት፤ ከመታወቂያዎ ጋር ያኑሩት፣ በስልክዎም ፎቶ ያንሱት። ሰርጅኑ ጋ ሲቀርቡ በካሜራ ነው ወይስ በክፍት የሚሠራልኝ፣ ቱቦዬ ውስጥ ጠጠር አለመኖሩ ተረጋግጧል ወይ፣ መቼ ነው ወደ ሥራ የምመለሰው ብለው ይጠይቁ። መልሳቸው ግልጽ ካልሆነልዎ በድጋሚ ይጻፉልኝ።